በጨው የተሸጠው ልጅ ስሞች

«ለልጄ ይህን ስም ያወጣሁለት ስለሚያምር ነው» የሚል ወላጅ ሲገጥመኝ አላምነውም። በእኛ አገር ስም ጌጥ ሆኖ አያውቅም። ስም ለሰው የሚላክ መልእክት ነው፤ ላኪ አለው፣ ተቀባይ አለው፣ ልጁ ተሸካሚው ብቻ ነው። በለጠ የሚባለውን ሰው «ማንን በለጥክ?» ብላችሁ ብትጠይቁት አያውቅም፤ የአባቱ ጎረቤት ግን ያውቃል። ካሳ የምን ካሳ እንደሆነ፣ ማስረሻም ምኑን እንዳስረሳ የሰፈር ሴቶች ከባለቤቱ ቀድመው ያውቁታል። ይበቃል የሚለው ስም ደግሞ በቀጥታ ለፈጣሪ የተላከ ነው። እንዳየሁት ከሆነ ፈጣሪ የሚመልሰው በሚቀጥለው ዓመት መንታ በመጨመር ነው።

እኔ የምጽፈው ግን ስሙ መልእክት ሳይሆን መደበቂያ ስለሆነ ልጅ ነው። የወለድኩት እኔ ነኝ። የሰዎቹን ስም አልጽፍም። «ስለ ስም እየጻፈች ስም ትሸሽጋለች» የሚል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ ነገሩ ሁሉ ስም ስለ መሸሸግ ነው።

ጊዜው የጣልያን ጊዜ ነው፤ አዲስ አበባ በእጃቸው በገባች በሦስተኛው ዓመት። ቤታችን ልደታ ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአጥር የተከበበ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት። ባሌ ከጦርነቱ በፊት የመንግሥት ጸሐፊ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን ጣልያን ለሚሠራው መንገድ ድንጋይ ይፈልጥ ነበር። አማቴም ከእኛ ጋር ትኖራለች። እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጥቂት ፈረንሳይኛ፣ ትንሽ ግዕዝና ብዙ ትዕቢት ነበረኝ።

ከዚያ በፊት ሁለት ልጆች ወልጄ ሁለቱም አልቆዩልኝም። የመጀመሪያው ከዘውድ ጋር የተያያዘ ትልቅ ስም ነበረው፤ ሁለተኛዋ ብርሃን ያለበት። ስም ያወጣላቸው ባሌ ነው፤ ሰው ጠርቶ፣ ጠላ ጠምቀን፣ በደስታ። ሁለተኛዋን ቀብረን ስንመለስ አማቴ ያለችኝ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ፤ «ሞት እኮ ጆሮ አለው። እናንተ ስም አወጣን ብላችሁ አዋጅ ነገራችሁት።»

ሦስተኛው በዘመን መለወጫ ጠዋት፣ በቅዱስ ዮሐንስ ቀን ተወለደ። ወንድ ነው፣ ያውም ጩኸቱ ሰንጋ ተራ የሚሰማ ወንድ። አማቴ እልል አላለችም። ጎረቤት «ምን ተገኘ?» ብሎ ሲጠይቅ «እባካችሁ፣ የረባ ነገር የለም» እያለች ትመልስ ነበር፤ ፊቷ ግን አልታዘዛት ብሎ ይስቅ ነበር።

በሳምንቱ ሸጠችው።

አንባቢ አይደንግጥ። ልጅ የማይበረክትላት ሴት አዲሱን ሕፃን ልጆቿ ለቆሙላት ሴት መሸጧ የቆየ ወግ ነው፤ ገዢዋ ከሌላ ወገንና ከሌላ ሃይማኖት ብትሆን ይመረጣል። ሞት የእኔን ልጅ ፈልጎ ቢመጣ እቤቴ የሚያገኘው የሰው ልጅ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ለዚህ የተመረጠችው ከአጥር ማዶ የምትኖረው ጎረቤታችን ናት፤ የስልጤ ሴት፣ እስላም፣ ቅቤ ነጋዴ፣ ሰባት ወልዳ ሰባቱም የቆሙላት። ሽያጩ የሚፈጸመው በአጥሩ ቀዳዳ ነው። በበር አይሆንም፤ በሩን ሞት ያውቀዋል። ሕጉም ጥብቅ ነው፤ የሚሸጠው ነገር መናናቅ አለበት፣ መሳቅ ክልክል ነው።

እኔ አራስ አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማ ነበር።

«የሚሸጥ አላችሁ ቢሉኝ ነው የመጣሁት» አለች ጎረቤታችን ከማዶ፣ የማታውቀን መስላ።

«አለ። የሚረባ ግን አይደለም» አለች አማቴ።

«እስኪ ይታይ።» ወደ ቀዳዳው ስትጠጋ ተሰማኝ። «ኧረ እማማ! ይኼን ነው የሚሸጡልኝ? ሰንጋ ተራ ቢያቆሙት ማን ዞር ብሎ ያየዋል? እስኪ አፉን ይክፈቱልኝ።»

«ይኸው።»

«ጥርስ የለው! ያረጀ ነው እኮ!»

አማቴ ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል ትንፋሿ እስከ አልጋዬ ድረስ ተሰማኝ። «ያረጀ ነው» አለች በመጨረሻ። «ከሲታ ነው። አያስተኛም። ብቻ ውሰጂልኝ።»

«ስንት ይሉታል?»

«የእጅሽን ያህል።»

«እንግዲያ አንድ ጭብጥ ጨው። ከዚያ ካለፍኩ ባሌ ይፈታኛል።»

ጨው በቀዳዳው ገባ፣ ልጅ በቀዳዳው ወጣ። ጎረቤታችን እቤቷ ወስዳ ሰባቱን ልጆቿን በዙሪያው ሰብስባ ስም አወጣችለት። ከዚያ አቅፋው በዋናው በር፣ በመንገድ በኩል ዞራ ወደ እኔ ገባች።

«እንዴት ዋልሽ እህት ዓለም። ልጄን ታጠቢልኝ እንደሆነ ብዬ ነው። ገበያው አላደርስ አለኝ።»

«ስሙ ማነው?» አልኳት፣ ወጉ እንደሚያዘው።

«ያህያ።»

አማቴ ከኋላዋ ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ሰምተሻል? የእሷ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ‹ልጄ› የምትል ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ። ቆሞ እስኪሄድ፣ ቆሞ ከሄደም በኋላ፣ እኔ በቃ እስክልሽ ድረስ።»

«እሺ» አልኩ። በልቤ ግን እየሳቅኩ ነበር። ለአሮጊት ደስታ ስል ለገዛ ጡቴ ሞግዚት ሆኜ ተቀጠርኩ ብዬ አሰብኩ።

ስሙን ጎረቤታችን እንዲሁ አልመዘዘችውም። «በእናንተ ዮሐንስ በምትሉት ቀን ነው የተወለደው፤ ዮሐንስ በእኛ ያህያ ነው፣ ነቢይ ነው። ከቤቱ አላራቅኩትም» አለችኝ። በኋላ ዓመታት እንዳነበብኩት ዮሐንስ ከዕብራይስጥ የወረደ ነው፤ እግዚአብሔር ቸር ሆነ እንደ ማለት። ያህያ ደግሞ ዐረብኛ ለሚያውቅ ጆሮ ‹ይኖራል› ያለ ይመስላል። ሁለቱ ስሞች በአንድ ሰው ላይ እንዴት እንዳረፉ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። ይከራከሩ፤ ያ ቅዱስ ስም ሲወጣለትም ዘመዶቹ ተከራክረው ነበር። እኔ የምፈልገው የኋለኛውን ትርጉም ነው።

ሞትን በስም ማታለል የእኛ ብቻ ብልጠት እንዳይመስላችሁ። አይሁድ ሕመም የጸናበትን ሰው ስም ይለውጡለት ነበር፤ መልአከ ሞት የታዘዘውን ስም ይዞ መጥቶ ባለስሙን አጥቶ እንዲመለስ። ቻይና ውስጥ የሚሳሱለትን ልጅ ውሻ ብለው የሚጠሩ እናቶች ነበሩ። የጥንት ሮማውያንማ ልጆቻቸውን አምስተኛው፣ ስድስተኛው እያሉ እንደ ከብት ይቆጥሩ ነበር፤ ሥልጣኔ ሊያስተምሩን ባሕር ተሻግረው የመጡት የእነዚያ የልጅ ልጆች ናቸው። ይህን ሁሉ ስላነበብኩ ከወጉ የበለጥኩ መስሎኝ ነበር። አንብቤ ያወቅኩት ግን ሰው የትም ቢሆን እንደ አማቴ እንደሚፈራ ነው።

ባሌ ማታ ከሥራ ሲመለስ ሰማና ጦፈ።

«ወንድ ልጅ በጨው ሽጣችሁ አሰለማችሁት?»

«አንተ ዝም በል!» አለችው እናቱ። «ሁለቱን አንተ ስም አውጥተህ የት ደረሱልህ?»

ባሌ እጁን ታጥቦ መጣና ልጁን ከእኔ ተቀብሎ ጎንበስ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር ሹክ አለው። ምን እንዳለው ስጠይቀው መጀመሪያ እንቢ አለኝ፤ ቆይቶ «ማንደፍሮ» አለ። ማን ደፍሮ! ይህ ስም ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሌላውን ግማሽ የሚሞላው ሰሚው ነው። በዚያን ዓመት ልደታ ውስጥ ማንም ሰው በምን እንደሚሞላው ግልጽ ነበር። የባሌ ወንድም አርበኛ ሆኖ ጫካ ገብቷል፤ እሱ ደግሞ ቀን ለጣልያን ድንጋይ እየፈለጠ ማታ በሕፃን ጆሮ ይሸፍት ነበር።

አማቴ ሕጉን ባወጣች በሦስተኛው ቀን ራሷ ጣሰችው፤ እሹሩሩ ስትለው «ምትኩ» ስትል ሰማኋት። «የሁለቱ ምትክ ነው፤ ይኼ ስም አይደለም፣ እውነት ነው» ብላ ተከራከረችኝ። እኔም በበኩሌ የሰው ንብረት ስለሆነ ‹እንግዳው› እለው ጀመር። እንዲህ ሆኖ ልጁ ክርስትና ሳይነሳ አራት ስም ተሸከመ። በእኛ ቤት ይህ ነውር አይደለም። እናት በአንድ፣ አባት በሌላ፣ አያት በሦስተኛ ስም ሲጠሩት ያደገ ሰው ሞልቷል፤ ለሁሉም «አቤት» ማለት ይማራል። ችግር የሚመጣው ሁሉም በአንድ ላይ ሲጠየቁ ነው።

ተጠየቅን።

ክርስትናው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሥራ በሌለበት ቀን ጠዋት፣ የቤት ንጽሕና የሚመረምር አንድ ጣልያን ግቢያችን ገባ። መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል መኮንን ነው። ከመረብ ማዶ የመጣ አስተርጓሚና ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት አስካሪዎች፣ የጣልያን ቅጥር ወታደሮች፣ ተከትለውታል። ሁላችንም ቤት ነበርን፤ ጎረቤታችንም «ልጇን» ልታይ መጥታ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። መኮንኑ ግድግዳውን አየ፣ ስለ አይጥ ጠየቀ፣ ሽንት ቤቱን አይቶ አፍንጫውን ያዘ። ከዚያ ሕፃኑን አየና በአስተርጓሚው በኩል ጠየቀ።

«ስሙ ማነው?»

ማንም ማንንም አልጠበቀም። አራታችንም አንድ ላይ አፋችንን ከፈትን።

«ያህያ» አለች ጎረቤታችን።

«ምትኩ» አለች አማቴ።

«ማንደፍሮ» አለ ባሌ፤ አመለጠው።

እኔም፣ ሞኝ፣ «እንግዳው» አልኩ።

መኮንኑ አራት ጣቱን አነሳ። «አራት ናቸው? ሦስቱ የት አሉ?»

አስካሪዎቹ መፈለግ ጀመሩ። አንዱ አልጋ ሥር ገባ፤ ሌላው ጎታ ውስጥ እጁን ሰደደ። ከጎታው ኋላ ዕንቁላል የምትታቀፍ ዶሮ ተነሥታ በፊቱ ላይ በረረች።

«ጎታ ውስጥ ልጅ አይወለድም፣ አንተ ሰውዬ!» አለች አማቴ። «አንድ ልጅ ነው! ስሙ ነው አራት!»

አስተርጓሚው ይህን ሲተረጉም ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። መኮንኑ ግን አልሳቀም። አንድን ልጅ በአራት ስም የሚጠራ ቤት የሚሸሽገው ነገር አለ ብሎ አስቧል። ይህስ ሐሰት አልነበረም። ወደ ባሌ ዞረና አንድ ነገር አለ።

«አንተ የጠራኸውን ስም ትርጉም ይጠይቃል» አለ አስተርጓሚው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን ልበለው ወንድሜ? ቶሎ በል።»

ባሌ መሬት መሬት አየ። ከሰፈራችን ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው ነበር። 

የተነሣችው ጎረቤታችን ናት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ገበያ መካከል ያለች ይመስል፣ «የእነሱን ስም ተዉት!» አለች። «ስሙ ያህያ ነው። ስም የማወጣው እኔ ነኝ፣ ልጁ የእኔ ነው። ገዝቼዋለሁ!»

አስተርጓሚው ዓይኑን ጨፈነ። ቢችል ይውጠው ነበር፤ ግን መኮንኑ ሁለት ዓመት ገበያ ለገበያ ሲዞር የኖረ ሰው ነው፣ ያችን ቃል ያውቃታል።

«ገዛሁ?» አለ በገዛ አንደበቱ። «ልጅ... ገዛሁ?»

«አዎ ገዝቼዋለሁ! ምስክር አለኝ፣ ሰባት ልጆቼ አይተዋል!»

ሰውየው ቀላ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን አስተርጓሚው እግር በእግር እየተከተለ አወረደልን፤ መንግሥታቸው ባርነትን ከዚህ አገር ነቅሏል፣ ሰው እንደ ዕቃ የሚሸጥበት ዘመን አልፏል፣ ይህን ያደረገ በብርቱ ይቀጣል። አገር ያለ ዋጋ የወሰደ ሰው «ልጅ ገዛሽ» ብሎ ሲቆጣ መስማት የሚሰጠውን ስሜት ለማስረዳት እስከ ዛሬ ቃል አላገኘሁም። አስካሪዎቹ ጎረቤታችንን ከግራና ከቀኝ ያዟት።

«ትሄዳለች» አለ አስተርጓሚው። «ነገር ግን የወለደችው እናት አሁን እዚህ በሁላችን ፊት ልጁን ተቀብላ ‹ልጄ ነው› ካለች፣ ሽያጩ ፈረሰ ማለት ነው፤ ይተዋታል።»

ልጁን እቅፌ ውስጥ አደረጉት። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ሁለት ቃል ነው። ወጉን የናቅኩ እኔ፣ ሞት ጆሮ የለውም የምል እኔ፣ ሁለት ቃል ተናግሬ ሰባት ልጅ ያላትን ሴት ከእስር ማዳን እችል ነበር። አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ እርግብግቢቱን አየሁት፤ በዚያ ስስ ቆዳ ሥር ትርታው ይወጣል፣ ይገባል። የሁለቱንም እርግብግቢት እንዲህ ሳይ ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

«እንዳትዪ!» አለች አማቴ ቀሚሴን ይዛ። «ሁለት ቀብረሻል!»

«በዪው እህት ዓለም» አለች ጎረቤታችን። ድምጿ የገበያው ድምፅ አልነበረም። «ግድ የለም፣ በዪው። አላህ ያውቃል።»

«በይ እንጂ እህቴ፣ ሊወስዳት ነው» አለ አስተርጓሚው።

«ዋጋውን ይጠይቀኝ» አልኩ።

«ምን?»

«ገዛች ይል የለ? በስንት እንደገዛች ይጠይቀኝ በለው።»

አለው። መኮንኑ ትከሻውን ነቀነቀ፤ «ስንት?»

«አንድ ጭብጥ ጨው።»

አስተርጓሚው «ጨው?» ብሎ ደገመኝ፤ «ጨው» አልኩት። ተረጎመው። መኮንኑ ቃሉን በቋንቋው ሁለት ጊዜ ደጋግሞ አለው። ቁጣው ፊቱ ላይ እንዳለ ቆሞ መንገድ የጠፋበት መሰለ። አሳዩኝ አለ። አማቴ ከምሰሶው ላይ በጨርቅ የተቋጠረውን ጨው ፈትታ አመጣች፤ አይበላም፣ ልጁ እስኪያድግ ይቀመጣል። መኮንኑ አንዲት ፍንካች አንሥቶ በጣቶቹ መካከል አሻት።

«ስም ያወጣችለት እሷ ናት?» አስጠየቀ።

«እሷ ናት።»

«ጨው የሰጠችውም እሷ?»

«እሷው።»

ከአስተርጓሚው ጋር ረዘም አድርገው ተነጋገሩ። አስተርጓሚው ወደ እኛ ሲዞር ሳቁን መደበቅ ትቷል። «እንግዲያው ገዢ አይደለችም ይላል። የክርስትና እናት ናት ይላል።»

«አስተግፊሩላህ!» አለች ጎረቤታችን። «እኔ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ እናት ሁኚ ካሉሽ እናት ሁኚና ዝም በይ!»

አስካሪዎቹ ለቀቋት። መኮንኑ ጎንበስ ብሎ ያችን የጨው ፍንካች የልጁን ከንፈር አስነካት። ልጁ ፊቱን እንደ ጨመቁት ሎሚ አጨማዶ ያን ጩኸቱን ለቀቀው። ሰውየው ሳቀ፤ ወጣት መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ያህያ ማን እንደሆነ አስተርጓሚው ነግሮት ኖሮ፣ «ጆቫኒ!» አለና፣ ዮሐንስ በእነሱ አጠራር ማለት ነው፣ ጉንጩን ነካው። ወጣ። የማንደፍሮን ትርጉም አልጠየቀም። ግድግዳውን ኖራ ቀቡ የሚል ትእዛዝ ብቻ ትቶልን ሄደ።

ለምን ሳቀ? ያን ቀን ሁላችንም ያበደ መስሎን ነበር። ምክንያቱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ሳነብ ነው። በሮማ ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ሲጠመቅ ቄሱ ምላሱ ላይ ጨው ያደርግለት ነበር። ሰውየው ልደታ ጭቃ ቤት ውስጥ የመንደሩን ጥምቀት ያገኘ መስሎታል። እኛ የሸጥነውን እሱ አጠመቁት ብሎ፣ እሱ የባረከውን እኛ አበደ ብለን፣ ሁላችንም ተሳስተን ተግባባን። እንግዲህ «ደግ ጣልያን አጋጠማት» እንዳትሉኝ። ያው ሰው ጨው የሚመስል ነገር ባያይ ኖሮ ያችን ሴት ይዟት ይሄድ ነበር፤ ደግነቱ የራሱን መልክ እስኪያይ ድረስ አልተነሣም።

በሩ እንደተዘጋ አማቴ ከተወለደ ጀምሮ ያፈነችውን እልልታ ለቀቀችው። ከማዶ የጎረቤታችን ልጆች ተቀበሏት። ጎረቤታችን ምድጃው አጠገብ ተዘርግታ በሳቅ ሞተች፤ «የክርስትና እናት! ባሌ ሲሰማ!» ትላለች፣ እንባዋ ይወርዳል። ባሌ ብቻ ክፍሉ ውስጥ ይንጎራደድ ነበር።

«ጣልያን ክርስትና አነሣልኝ! የእኔን ልጅ! ጆቫኒ!»

ነገሩ አማቴንም ስላሳሰባት የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። «አባቴ፣ ልጁ በጣልያን እጅ ጨው ቀምሷል፤ ጥምቀት ሆኖበት እንደሆነስ?» አለቻቸው። እሳቸውም ለረጅም ጊዜ አሰቡና፣ «ጨው ብቻውን ክርስቲያን የሚያደርግ ቢሆን ወጡ ሁሉ ክርስቲያን ነበር። በቀኑ አምጡት» አሏት።

በቀኑ ልደታ ወሰድነው። ሞት እንዳያየው በእኔ እቅፍ አልሄደም፤ ጎረቤታችን አዝላው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር መጣች፣ እኔ ከኋላ እንደ እንግዳ ተከተልኩ። አጥሩ አጠገብ ለክርስትና አባቱ አስረከበችው። እኛ ዘንድ የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፤ ድግምተኛ እጅ ከገባ ሰውን ያሳምማል ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ሌላውን ስም ነው። ጥምቀቱ አልቆ ስንወጣ ጎረቤታችን ያው የቆመችበት ቆማ ነበር።

«ምን አላችሁት?»

«አይነገርም» አለች አማቴ።

«ከእናቱ ትደብቃላችሁ?»

አማቴ ቆመች። ዙሪያዋን ቃኘች። ከዚያ የጎረቤታችንን ሻሽ ገለጥ አድርጋ በጆሮዋ ነገረቻት። ስሙን ከቤተ ሰባችንና ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ያወቀች አንዲት ሰው እሷ ናት። እኔ እዚህም አልጽፈውም።

ልጁ የመጀመሪያው የሞተበትን ዕድሜ አለፈ። የሁለተኛዋንም አለፈ። በየደረጃው ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ‹ልጄ› አላልኩትም። ሲስቅ አላልኩትም፣ ሲታመም አላልኩትም፣ ቆሞ ሲሄድ እጄን አጨብጭቤ «የሰው ልጅ ሄደ!» አልኩ። አማቴም በቃሽ አላለችኝም፤ ፈርታ ይሁን ረስታ አላውቅም። ጥቂት ሲቆይ ቃሉ ከቤታችን ጠፋ። ልጁ እኔን በስሜ፣ ጎረቤታችንን «እማ» እያለ አደገ።

ከዚያ ጣልያን ተሸነፈ።

ያን ሰሞን ማን እቤቱ ተቀመጠ! ሰው ከልደታም ከጌጃ ሰፈርም ወደ ተክለ ሃይማኖት ይጎርፍ ነበር፤ ሽለላው፣ እልልታው፣ ተሸሽጎ የኖረው ባንዲራ ሁሉ ከየሣጥኑ ወጥቶ። ባሌ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። የጎረቤታችን ትልቋ ሴት ልጅ ልጁን እጁን ይዛ ከእኛ ፊት ፊት ትሄድ ነበር። በአንድ ቅጽበት ወደ ኋላ ዞራ ባዶ እጇን አሳየችኝ።

«ያህያ!» ብዬ ጮኽኩ። የመርካቶ ነጋዴ ልጆች አንድ አምስቱ ዞሩ። «ማንደፍሮ!» አልኩ፤ ለካ በሹክሹክታ የሸፈተው ባሌ ብቻ አልነበረም፣ «አቤት!» የሚል ሕፃን ከየአቅጣጫው መጣልኝ። «ምትኩ!» ብል ጢማም ሰውዬ መለሰ። «እንግዳው!» ስል አንድ ሽማግሌ አዝነው «ከየት አገር መጣሽ የኔ እመቤት?» አሉኝ። የክርስትና ስሙ እንኳ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። እሱንም ብጠራው አይሰማውም፤ ከተጠመቀ ወዲህ በዚያ ስም የጠራው የለም።

ከዚያ ጀርባውን አየሁት። መንገዱ ማዶ ብቻውን ነው፤ የሚዘፍን ሰው የጫነ ካሚዮን ወደሚመጣበት ወደ መካከል እየሄደ ነው፣ ዘፈኑን ተከትሎ። በመካከላችን ሰው እንደ ግድግዳ ቆሟል።

«ልጄ!»

ከአፌ መውጣቱን የሰማሁት ከወጣ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። አማቴ ከአጠገቤ ክንዴን ጨመቀችኝ።

ልጁ ቆመ። ዞረ። እኔን አየኝ፤ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ተመለከተ፣ የማንን ልጅ እንደምጠራ ሊያይ። ካሚዮኑ ከጀርባው እየዘፈነ አለፈ።

ሰው እየገፋሁ ደርሼ አነሣሁት። ሙሉ ነው፣ አቧራ ብቻ ነው። በእጁ አገጬን ይዞ ፊቴን ወደ እሱ አዞረው።

«ማንን ነው የጠራሽው?» አለኝ።

«አንተን» አልኩት።